እናቴ ለቂርቆስ የተሳለችው

ትናንት ጎረቤቴ ግድግዳ ሊያስለስን ኖራ አስቦክቶ ነበር። መስኮቱን ብዘጋ፣ በሩን ብዘጋ፣ ሽታው አልለቅ አለኝ። እርጥብ ኖራ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ አዲስ ዝናብ ትኩስ አመድ ላይ ሲወርድ እንደሚሸተው ነው የሚሸተው። ልጆቼ ይስቁብኛል እንጂ፣ እኔ ያ ሽታ ሲመጣብኝ አባቴ ከሥራ የገባ ይመስለኛል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፣ እሱም ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ግን ትናንት ቀና ብዬ በሩን አየሁት። ምን ላድርግ።

እስቲ አረፍ በይና ልንገርሽ። ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ባለች ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ በየማለዳው ዛሬ ካዛንቺስ ወደምትሉት ሰፈር ይሄዳል። ያን ጊዜ ጣሊያኖቹ ለቢሮ ሠራተኞቻቸው ቤት የሚያሠሩበት ሜዳ ነው። እሱ ኖራ ያቦካል፣ በባሬላ ተሸክሞ መወጣጫው ላይ ያወጣል። ማይጨው ዘምቶ በእግሩ የተመለሰ ሰው የወጉትን ሰዎች ቤት መሥራቱ ያሳፍረው ነበር መሰለኝ፣ ስለ ሥራው እቤት አንድ ቃል አይተነፍስም። እጁን ኖራው በልቶት ይሰነጣጠቃል፤ እናቴ ከእራት በፊት የኑግ ዘይት ትቀባዋለች፣ እሱ ዝም ብሎ ያስቀባል።

በጥር፣ የቂርቆስ ንግሥ ካለፈ በሳምንቱ፣ አባቴ ከመወጣጫው ወደቀ። የሥራ ጓደኞቹ በዚያው ኖራ በሚሸከሙበት ባሬላ ላይ አድርገው አመጡት። ጭኑ ተሰብሯል። ወጌሻ መጥቶ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረው፣ ወዲያው ትኩሳት ያዘው። ጎረቤት ሁሉ ሲያለቅስ እናቴ አላለቀሰችም። ሰው ሲወጣላት አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለችው፣ ለቂርቆስ ተስዬልህ ነበር፣ አልከፈልኩም። እኔ ውኃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

አባቴ ዘምቶ ወሬው በጠፋ ጊዜ ነው አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዛ፣ ባሌን በሕይወት ብትመልስልኝ ልጄን ለገዳም እሰጣለሁ፣ ትመነኩስልሃለች ብላ ተስላ ኖሯል። ባሏ ተመለሰላት። እሷ ግን ልጇን አየት ታደርግና ለዓመት ይሁን ትላለች። አንዱ ንግሥ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሳምንቱ ሰውየው ወደቀ። ለእሷ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ልጅቷ እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ለእናቴም ለአባቴም አንድ ነኝ። ክው ነው ያልኩት። ስለ ገዳም የማውቀው ነገር ቢኖር ፀጉር እንደሚላጩ ነው፤ የኔ ደግሞ ሹሩባው ወገቤ ይደርስ ነበር፣ እንዳሁኑ መስሎሽ? በዚያ ላይ ጎረቤታችን ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ የእግር ስፌት መኪና መርገጥ ጀምሬያለሁ። ጨርቁ ከመርፌው ሥር እየሮጠ ሲወጣ የሚሰማኝን ደስታ ዛሬም ድረስ ሌላ ነገር ላይ አላገኘሁትም። ያንን ትቼ የት ነው የምሄደው?

እናቴ የንስሐ አባታችንን ጠርታ ነገረቻቸው። ደግ ቄስ ናቸው፣ ግን በስለት ቀልድ አያውቁም። ቢሆንም የሰው ልጅ ነገር ስለሆነ ብቻዬን አልፈርድም፣ መጽሐፍ የሚያውቅ ይጠየቅ አሉ። የሚያውቅ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ነበር፣ ያውም ተሸሽጎ። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ጣሊያን ጥምጥም ያደረገ ሰው ባየ ቁጥር ስለሚጠረጥር፣ አንድ የመጻሕፍት መምህር ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አሮጌ ካፖርት ለብሰው፣ ያው የኔ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ እየተከሉ ይኖሩ ነበር። እኛ የኔታ ነው የምንላቸው። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ሰፊው ሚሲዮን ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ቅዳሴ አይሄድም፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃ ሲከራከሩ ይውሉና ማታ ከአንድ ገበታ ይበላሉ።

እንግዲህ ቄሱ፣ የኔታና ሰፊው እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ አባቴ አልጋ ዙሪያ ተቀመጡ። ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ ካራቢኔሪ፣ የጣሊያኑ ፖሊስ፣ የሚበትንበት ጊዜ ነው፤ በሽተኛ ጥየቃ ነው ተባለ፣ በሽተኛውም ይኸው ተኝቷል። የተከፈተው በር ብርሃን ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ከቅጥሩ ወዲያ የዋንዛው ቅጠል ይንሿሿል።

የኔታ ከመጀመሪያው በሥርዓቱ ካልሆነ አልነካውም አሉ። በመጽሐፍ ቤት ደቀ መዝሙሩ ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጉማል። መምህር ራሱ አንብቦ ራሱ አይተረጉምም። የሚያነብ ተፈለገ። የቄሱ ዐይን ደክሟል፣ ሰፊው ተከራካሪ ነው፣ አባቴ ገና ከትኩሳቱ አልወጣም። ሰፊው ልጅቷ ታነባለች፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት አለ። ቄሱ አጉረመረሙ። የኔታ ግን ትክ ብለው አዩኝና፣ አንባቢ አንባቢ ነው፣ ብቻ አንባቢ አይተረጉምም፣ ይህን ዕወቂ አሉኝ።

በሰፊው መጽሐፍ፣ ለራሴ ነገር፣ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ።

የተመረጠው የዮፍታሔ ታሪክ ነበር። ጦርነት ሲወርድ፣ ድል ብትሰጠኝ ስመለስ ከቤቴ ደጅ መጀመሪያ የሚቀበለኝን እሠዋልሃለሁ ብሎ ተሳለ። ድል አደረገ። ሲመለስ ከበሮ እየመታች የተቀበለችው አንድያ ልጁ ናት። ከበሮው ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። የኔታ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። እንባዬ ገጹ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን ዘወር አድርጌ ነው የጨረስኩት።

ቄሱ ነገሩ ግልጽ ነው አሉ። ሰውየው ልብሱን ቀደደ እንጂ ስለቱን አላስቀረም፤ በኋላም በእምነታቸው ከተመሰገኑት ጋር ስሙ ተቆጥሯል። አጥፍቶ ቢሆን ይመሰገን ነበር? ሰፊው፣ ሶምሶንም እዚያው ላይ ተቆጥሯል አባ፣ እንግዲህ ሁላችንም ሚስት ፍለጋ ፍልስጥኤም እንውረድ? አላቸው። አባቴ ያን ዕለት ትኩሳቱ በረድ ብሎለት ነበር፣ ሳቀ፤ ሲስቅ ጭኑን ስለሚያመው እያቃሰተ ነው የሳቀው።

ከዚያ የኔታ ተራቸው ሆነ። መጽሐፍ ቤት ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ አይበቃውም። አንዱን ይናገሩና "አንድም" ብለው ሌላውን ይደርቡበታል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። የኔታም ሠዋት አሉ። አንድም አልሠዋትም፣ ባል ሳታውቅ ለእግዚአብሔር ተለይታ ኖረች አሉ። ቀጥለው ቄሱን፣ ከደጁ ቀድሞ የወጣው ውሻ ቢሆንስ? ብለው ጠየቁ። ውሻ ለመሥዋዕት አይቀርብም። እንግዲህ ያ ስለት ከአፉ ሲወጣ ጀምሮ ስንጥቅ ነበረበት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው የተሰነጠቀም ቢሆን ስለት ነው ብለው መለሱኝ።

በሁለተኛው እሑድ ገና ማንበብ ስጀምር አንድ ካራቢኔሪ አስተርጓሚ አስከትሎ ገባ። ጠቋሚ ነግሮት ነው። ሰፊው "ማላቶ፣ ማላቶ"፣ በሽተኛ ነው፣ እያለ ብርድ ልብሱን ገልጦ የአባቴን እግር አሳየው። ጣሊያኑ እግሩን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ መጽሐፉን አየ። አስተርጓሚው ምንድን ነው የምታነቢው አለኝ። ጣቴ ያረፈበት ቦታ ዮፍታሔ አገሩን ሊወስድ የመጣውን የባዕድ ንጉሥ እንዴት አድርጎ እንደመታው የሚናገረው ነው። እጄን በሙሉ ጫንኩበትና፣ አባቷ ለስለት ስለሰጣት ልጅ ነው አልኩት። ተረጎመለት። ጣሊያኑ እኔን አንድ ጊዜ አየኝ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወጣ። የኔታ በዚያ ካፖርት ውስጥ ላብ አጥምቋቸዋል። ቀጥዪ አሉኝ።

እናቴ እስከዚያ ቀን ከጓዳ ሆና ነው የምትሰማው። ያን ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለችና፣ ሐናስ? አለች። ሳሙኤልን ጡት እንደጣለ ለቤተ መቅደስ ስትሰጠው ልጁን ማን ጠየቀው? እሷንስ ማን አጠፋሽ አላት? የኔታ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሐና የሰጠችው በስለቱ ያገኘችውን ነው፤ አንቺ የተሳልሽው ግን ቀድሞ የነበረሽን ነው አሏት።

"ታዲያ ያለኝን ነዋ የሰጠሁት" አለች እናቴ። "የሌለኝን ከየት ላምጣ?"

እናቴ ፊደል አትቆጥርም፣ ግን እንዲህ ነበረች። ደግሞ እንዳይመስልሽ፣ ስለማትወደኝ አልነበረም። በእነዚያ ሳምንታት ማለዳ ማለዳ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። ሠርታ ጨርሳ፣ አላማረም ትልና ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። እምቢ እንዳልላት ሆዴ ይባባል፣ እሺ እንዳልላት ነፍሴ እምቢ ትላለች።

በሦስተኛው እሑድ ሰፊው ፊቱ በርቶ መጣ። ሌሊቱን ሲፈልግ አድሮ ሕጉን አግኝቶታል። ወረቀት አስገብቶበት ስለነበር ከፍቼ አነበብኩት። ሚስት የተሳለችውን ባሏ በሰማበት ቀን ከከለከላት ስለቱ ይፈርሳል፣ በደልም አይሆንባትም። ሰምቶ ዝም ካለ ግን ይጸናል። አንብቤ ስጨርስ ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እናቴ የነገረችው በትኩሳት ሲቃዥ ነው፤ እስከ ዛሬ ትኩሳት ላይ ነበርኩ፣ በውል የሰማሁት ዛሬ ነው፣ አልፈቅድም ቢል ማንም ምንም አይለውም። ቄሱ ራሳቸው፣ ያን ጊዜ ራስህን አታውቅም ነበር እኮ ብለው መንገዱን ጠረጉለት። አልፈቅድም ይላታል ብዬ ከንፈሩን አየዋለሁ።

አባቴ እኔን ሳይሆን ጣራውን አየ።

"ሰምቻለሁ" አለ። "የወደቅኩ ዕለት ስትነግረኝ ሰምቻለሁ። የምሞት መስሎኝ ነበር። ምናልባት ልጅቷን ብትሰጣት እድናለሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

ይሄን ስሰማ ምን እንደሆንኩ ዛሬም በቃል አልነግርሽም። የሚወደኝ አባቴ፣ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ስሜን የሚጠራ አባቴ። ዋሽቶ ሊያድነኝ ይችል ነበር፣ አልዋሸም፤ ያኔ በዝምታው፣ አሁን ደግሞ እውነቱን በመናገሩ ሁለት ጊዜ ሰጠኝ። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። አሁን አርጅቼ ሳስበው ደግሞ ያን ያህል የከበደ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ አልሰማሁም።

መጽሐፉን ልዝጋው ብዬ አልዘጋሁትም።

"የኔታ፣ እኔም አንድም አለኝ" አልኩ።

ቄሱ አንባቢ አይተረጉምም አሉ። እኔ አንዴ አፌን ከፍቻለሁ፣ በምን ይመለሳል። እንዲህ አልኳቸው፦ አንድም፣ ልጅቷን ይጠይቋታል። ዮፍታሔ ተሳለ፣ ዮፍታሔ አለቀሰ፣ እሷ ሁለት ወር በተራራ ላይ ላልቅስ ብላ ለመነች፣ ፈቀደላት። ስትመለስ ግን አሁንስ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ስለቱ ለቂርቆስ ነው አይደል? ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኖ የሚፈላው ጋን ፊት ሲቆም እናቱ ፈርታ ነበር፤ የተናገረው፣ እሷንም ያጸናት ራሱ ልጁ ነው። እሱ ልጅ ሲናገር ይሰማል። እኔን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።

የወለሉ ብርሃን አልጋው እግር ድረስ ደርሷል። መጽሐፍ ቤት መምህር ከመምህሩ ያልሰማውን ቃል አይናገርም፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ ኋላ ነው ሰፊው የነገረኝ። የኔታ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ይህን ከመምህሬ አልሰማሁትም" አሉ። "ስላልሰማሁትም ልሽረው አልችልም። ጠይቋት።"

ቄሱ ምን ትያለሽ ልጄ አሉኝ። አልሄድም አልኩ። በቃ፣ ይህችን ያህል ናት።

ቄሱ እንደተገላገለ ሰው በረጅሙ ተነፈሱና ለእናቴ መፍትሔ ያዘጋጁላት ጀመር። ስለት ይለወጣል፣ ለታቦቱ ጥላ ትሰጪያለሽ፣ አለዚያም ዓመት ሙሉ የጸበል ውኃ ትቀጂያለሽ አሏት። እናቴ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ቁጣም የለባት።

"ለቂርቆስ ነፍስ ብዬ ነው የተሳልኩት፣ ጥላ አላልኩም" አለች። "ነፍስ ከሆነ የራሴ አለችኝ።"

የኔታም ሰፊውም በየተራ ሊመልሷት ሞከሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተው ሞከሩ። ባል ካልፈቀደ ሚስት ቆብ አትደፋም፤ ስለዚህ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ እምቢ አላት። ጾሙን ሙሉ እምቢ አላት። እሷም አልጨቀጨቀችውም፤ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ መኝታ ያቆሰለውን ጀርባውን ትጠርጋለች፣ ከዚያ አልጋው አጠገብ ቆማ ትጸልያለች። ከፋሲካ በኋላ በምርኩዝ ተነሥቶ እስከ ደጅ ወጥቶ የተመለሰ ቀን፣ በሩን ተደግፎ ሂጂ አላት።

ሰፊው ጣሊያን ቢሮ ተመላልሶ የይለፍ ወረቀት አወጣላት። ወደ ሰሜን ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ነው የሄደችው። የዚያን ለት ጠዋት እኔ የት ነበርኩ መሰለሽ? መኪናው ላይ። እየረገጥኩ። ተበድያለሁ ብያለሁ እኮ፤ እኔን ልትሰጥ ፈለገች፣ እኔ እምቢ ስል ደግሞ ጥላኝ ልትሄድ ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ኩራት ነው፣ በዚያ ላይ ሦስት ዐዋቂ በክርክር የረታሁ። መጥታ ሰፊው ደጃፍ ላይ ቆመች። ተቀየምሽኝ? አለችኝ። አልተቀየምኩም አልኩ። ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሹሩባዬን በእጇ መዘን አደረገችው፣ ሄደች። መንገዱን ሳትጨርስ ተመልሼ ተቀመጥኩና መርገጥ ጀመርኩ፤ ያን ዕለት የሰፋሁት እጅጌ ጠማማ ሆኖ ሰፊው ፈታው።

ከአባቴ ጋር አብረን ኖርን። እያነከሰ ወደ ኖራው ተመለሰ፣ ዘይቱን እኔ እቀባዋለሁ። ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም፤ እኔም ቀስ በቀስ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ነግሬው ግን አላውቅም።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። የራሴ የስፌት መኪና ገዝቼ፣ የራሴ ደንበኛ ይዤ፣ በእጄ የሰፋሁትን ወፍራም ቀሚስ ይዤላት ነው የሄድኩት። ቆብ ስትደፋ እንደ ሥርዓቱ በቁሟ ፍትሐት ተነቦላታል፤ ለዓለም ሞታለች ማለት ነው። ስሟም ተለውጧል። ወጣቶቹ መነኮሳይያት በአዲሱ ስም ጠርተው አመጡልኝ። ከስታለች፣ እጇ ሻክሯል፣ ፊቷ ግን ጥርት ብሏል። እንደ ሌሎቹ እማሆይ እያልኩ፣ እርስዎ እያልኩ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ሰፈሩ፣ የኔታ ጥምጥማቸውን መልሰው እንዳሰሩ አወራኋት። ወይራው ጥላ ሥር ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ትሰማኛለች። ሳቅ ትላለች፣ እሰይ ትላለች። ወሬዬ አለቀ።

"እማዬ" አልኩ ሳላስበው። "ወደሽ ነው ግን የመጣሽው?"

እንዝርቷ ቆመ። ትክ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ፈገግ አለች፣ ድሮ ፀጉሬን ልትፈታው ስትል ፈገግ እንደምትለው።

"አሁን ነው የምትጠይቂኝ?" አለች።

መልሱን አልነገረችኝም። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ተነሺ አለችኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ለስንቅ የሽምብራ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝና እስከ ቅጥሩ በር ሸኘችኝ። ከዚያ ማለፍ አይፈቀድላትም ነበር።